የሚጣልና የማይጣል

ሰው ከሚሠራቸው ሥራዎች ሁሉ እንደ መጣል ቀላል መስሎ የሚታይ የለም። ለማግኘት ድካም፥ ለመጠበቅም ትጋት ያስፈልጋል፤ ለመጣል ግን እጅን መዘርጋት ብቻ የሚበቃ ይመስላል። እኔም እስከ ሃያ አራት ዓመቴ ድረስ እንዲሁ ይመስለኝ ነበር። ዛሬ ሠላሳ ስድስት ዓመት ሲሆነኝ፥ ከሥራ ሁሉ የከበደው የትኛው ነው ተብዬ ብጠየቅ «የሚጣለውን ከማይጣለው መለየት ነው» ብዬ ለመመለስ አላመነታም። ይህንንም ያስተማሩኝ ሁለት ነገሮች ናቸው፤ አንደኛው በሐረር ከተማ በመንግሥት ሥራ ላይ ሳለሁ በገዛ እጄ የሠራሁት ጥፋት፥ ሁለተኛውም ስለ ኮምፒዩተር ቋንቋዎች ከእኅቴ ልጅ የሰማሁት ትምህርት ነው። እነዚህ ሁለቱ ምን ያገናኛቸዋል የሚል አንባቢ ቢኖር ጥቂት እንዲታገሠኝ እለምናለሁ።

የሁለተኛ ደረጃ ትምህርቴን ጨርሼ በመዝገብ ቤት ጸሓፊነት ከተቀጠርሁ ጥቂት ዓመታት እንዳለፉ፥ የዕቃ ቤቱ ወለል ሊታደስ ስለ ሆነ አሮጌ ወረቀቶችን መርጬ እንዳስወግድ ታዘዝሁ። ሦስት ቀን ሙሉ ሠራሁ። ምርጫዬም በዓይን ብቻ ነበር፤ አቧራ የጠገበውን፥ አይጥ የነካውን፥ ማሰሪያው የተበጠሰውን ሁሉ «አሮጌ ነው» እያልሁ ወደ ደጅ አወጣሁት። ወረቀቱም በኪሎ ተመዝኖ ተሸጠ፤ ከባቢሌ የሚመጣውን ኦቾሎኒ የሚቸረችሩ ሴቶች ለመጠቅለያ ገዙት። እኔም በዚያው ሰሞን ኦቾሎኒ ገዝቼ በላሁ፥ የተጠቀለለበትንም ወረቀት ሳላነብ መንገድ ላይ ጣልሁት።

አምስት ወር ያህል እንዳለፈ አንዲት እናት ከከተማው ውጭ መጡ። ባላቸው ሞቶባቸው የቤታቸው ይዞታ ክርክር ስለ ተነሣበት፥ የድሮውን ዶሴ ፈለጉ፤ ቁጥሩም በቁራጭ ወረቀት ተጽፎ በእጃቸው ነበረ። ማውጫውን ገለጥሁ። ስማቸው አለ፤ የዶሴው ቁጥር አለ፤ የመደርደሪያው ቁጥርም አለ። ወደ መደርደሪያው ብሄድ ግን ስፍራው ባዶ ነው። ነገሩን ያን ጊዜውኑ ተረዳሁት። ተመልሼ «አልተገኘም» ባልኋቸው ጊዜ፥ «ልጄ፥ መዝገባችሁ ያውቀኛል፤ ታዲያ እናንተ ስለ ምን አታውቁኝም?» አሉኝ። የጣልሁት እኔ ነኝ ለማለት አፌ አልታዘዘልኝም። «ይፈለጋል፤ ተመላልሰው ይጠይቁ» አልሁ። እሳቸውም ቃሌን አምነው ተመላለሱ፤ በመጨረሻም በሰው ምስክር ጉዳያቸው እስኪፈጸም ድረስ ሁለት ዓመት ሙሉ ደጅ ጸኑ።

የእኅቴ ልጅ በሐረማያ ዩኒቨርሲቲ የኮምፒዩተር ትምህርት ተማሪ ነው። በዕረፍት ጊዜው ሲመጣ ከእኔ ጋራ በጀጎል ውስጥ መንሸራሸር ልማዱ ነው። አንድ ቀን ከሸዋ በር ገብተን ወደ ፈረስ መጋላ ስንሄድ የሚማረውን ምን እንደ ሆነ ጠየቅሁት። «ጋሼ፥ በአሁኑ ጊዜ የምማረው ፕሮግራም ሲሠራ ከሥሩ ሆኖ ስለሚያስተዳድረው መጋቢ ነው» አለኝ። መጋቢ የሌላቸው ቋንቋዎች አሉን? ብለው፥ «አሉ እንጂ» ብሎ እንዲህ አብራራልኝ። የኮምፒዩተር ማኅደረ ትውስታ እንደ መዝገብ ቤት መደርደሪያ ነው፤ እያንዳንዱ ስፍራ ቁጥር አለው። እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ መጀመሪያ በተሠራው «ሲ» በሚባለው ቋንቋ፥ ፕሮግራሙን የሚጽፈው ሰው ራሱ ስፍራ ይወስዳል፥ ሲጨርስም ራሱ ይመልሳል። ቢረሳ መደርደሪያው ይሞላል። ሳይጨርስ ቢመልስ ግን የፕሮግራሙ ሌላ ክፍል ቁጥሩን ይዞ ሲመጣ ስፍራውን ባዶ ያገኘዋል፤ ከባዶውም የሚከፋው የሌላ ሰው ዶሴ ተቀምጦበት ማግኘቱ ነው።

ይህን ስሰማ ቆምሁ። ልጁ የደከመኝ መስሎት «እንረፍ እንዴ?» አለኝ። የቆምሁት ግን በድካም አልነበረም፤ ቁጥሩን ይዘው ባዶ መደርደሪያ ያገኙት እናት ትዝ ብለውኝ ነው። ጥፋቴ በሩቅ አገር ስም ወጥቶለት፥ በትምህርት ቤት የሚሰጥ ሆኖ አገኘሁት። ደግሞም የእኔ ብቻ አይደለም። ማይክሮሶፍት የተባለው ትልቅ ኩባንያ መሐንዲስ እ.ኤ.አ. በ2019 እንደ ገለጠው፥ ኩባንያው በየዓመቱ ከሚጠግናቸው የደኅንነት ቀዳዳዎች ከመቶው 70 ያህሉ በማኅደረ ትውስታ አጠቃቀም ስሕተት የሚመጡ ናቸው። እንግዲህ ብልህ ነኝ የሚለው ሁሉ በመጣል ላይ ይስታል።

ለዚህ ሕመም መድኃኒት የፈለገው ጆን ማካርቲ የተባለ አሜሪካዊ ሊቅ ነው። እ.ኤ.አ. በ1959 በማሳቹሴትስ የቴክኖሎጂ ተቋም ሊስፕ የሚባለውን ቋንቋ ሲሠራ፥ የመጣሉን ሥራ ከሰው እጅ አውጥቶ ለቋንቋው ለራሱ ሰጠው። ልጁም የዚህን አሠራር ሲያስረዳኝ እጁን ወደ ግንቡ ዘርግቶ፥ «ጋሼ፥ ጀጎልን እንደ ማኅደረ ትውስታ ይቍጠሩት» አለኝ። ጀጎል ከጥንት ጀምሮ አምስት በሮች አሉት፤ እነርሱም ሸዋ በር፥ ቡዳ በር፥ ሰንጋ በር፥ ኤረር በርና ፈላና በር ናቸው። ጠራጊው ከእነዚህ በሮች ይነሣል፤ በእያንዳንዱም ጠባብ መንገድ እየሄደ የሚያገኘውን ቤት ሁሉ ምልክት ያደርግበታል፤ ከዚያም ቤት ወደሚቀጥለው ያልፋል። ሁሉንም ዞሮ ሲጨርስ፥ ከየትኛውም በር ተነሥቶ ሊደረስበት ያልቻለው፥ ምልክትም የሌለው ቤት ባለቤት የሌለው ነውና ስፍራው ለሌላ ይሰጣል።

በዚያው ዘመን፥ ማለት እ.ኤ.አ. በ1960፥ ጆርጅ ኮሊንስ የተባለ ሌላ ሊቅ ሌላ መንገድ አቀረበ። በየቤቱ ደጃፍ ቁልፉን የያዙት ሰዎች ቁጥር ይጻፍ፤ ቁጥሩ ዜሮ ሲሆን ቤቱ ይለቀቅ አለ። ይህ መልካም ዘዴ ነው፤ ነገር ግን ሁለት የተተዉ ቤቶች አንዱ የሌላውን ቁልፍ ይዘው ቢቀሩ ቁጥራቸው ከቶ ዜሮ አይሆንም። በመሥሪያ ቤትም እርስ በርሳቸው እየተጠቃቀሱ፥ ባለጉዳይ ሳይኖራቸው የሚኖሩ ደብዳቤዎች አሉና ነገሩ አልጠፋኝም።

እነዚህ ሐሳቦች ብዙ ዘመን በምርምር ቤት ከቆዩ በኋላ፥ እ.ኤ.አ. በ1995 ሳን ማይክሮሲስተምስ የተባለው ኩባንያ በጄምስ ጎስሊንግ መሪነት የተሠራውን ጃቫን ለሕዝብ ባወጣ ጊዜ በሰፊው ወደ ገበያ ወጡ። ጃቫ ለአንድ ዓይነት ኮምፒዩተር ብቻ አይጻፍም፤ በመካከል ቨርቹዋል ማሽን የሚባል አስተርጓሚ አለው። አስተርጓሚ ምን እንደ ሆነ ለሐረር ሰው ማስረዳት አያስፈልግም። በገበያችን ሐረሪ፥ ኦሮምኛ፥ አማርኛና ሶማሊኛ በአንድ ደጃፍ ይሰማሉና። ጎበዝ አስተርጓሚ ግን ቃሉን ሁሉ እንደ አዲስ አይፈታም፤ በየቀኑ መቶ ጊዜ የሚደጋገመውን አነጋገር አስተውሎ በቃሉ ይይዘዋል፥ ሲጠየቅም ሳያስብ ይመልሰዋል። እ.ኤ.አ. በ1999 የወጣው ሆትስፖት የተባለው የጃቫ ማሽንም የሚያደርገው ይህንኑ ነው፤ እየሠራ ይመለከታል፥ ብዙ የሚደጋገመውን ክፍል ብቻ መርጦ በኮምፒዩተሩ በራሱ ቋንቋ ይተረጕመዋል። ዘዴው የተወለደው ሰልፍ በሚባለው ቋንቋ ላይ በተደረገ ምርምር ነው።

ይህ የሩቅ አገር ወሬ ነው የሚል ቢኖር ይሳሳታል። ፋይዳ የተባለው የብሔራዊ መታወቂያችን የቆመበት ሞሲፕ የተባለው መሠረት በጃቫ የተጻፈ ነው። የጤና ሪፖርት የሚሰበሰብበት ዲኤችአይኤስ 2ም በኦስሎ ዩኒቨርሲቲ በጃቫ የተሠራ ነው። አንድሮይድ ስልክ በኪሱ የያዘ ሁሉ መጋቢና ጠራጊ ይዞ ይሄዳል፥ ባያውቀውም።

ከዚህ በኋላ እኔም ጠያቂ ሆንሁ። «እንግዲያስ ይህ ሁሉ በጎ ነገር በነጻ ይገኛልን?» ብለው፥ ልጁ ሣቀና «ጋሼ፥ የምርምሩ ሁሉ ነገር ያ ነው» አለኝ። በቀድሞ ዘመን የጀጎል በሮች ማታ ማታ ይዘጉ ነበር፤ የሚገባም የሚወጣም አልነበረም። የጥንቶቹ ጠራጊዎችም እንዲሁ ናቸው፤ ሲጠርጉ ፕሮግራሙ ሁሉ ቀጥ ብሎ ይቆማል። ተመራማሪዎች ይህን መቆም ለማሳጠር ብዙ ደክመዋል። እ.ኤ.አ. በ1983ና በ1984 የወጡ ሥራዎች አንድ ነገር አስተዋሉ፤ አዲስ ከሚፈጠረው አብዛኛው ቶሎ ይሞታል፥ የቆየው ግን ገና ይቆያል። የዛሬ የወረፋ ቁጥር ማታ ዋጋ የለውም፤ የርስት መዝገብ ግን መቶ ዓመት ይኖራል። ስለዚህ አዲሱን ደጋግሞ፥ አሮጌውን አልፎ አልፎ መመርመር ይበቃል አሉ። እ.ኤ.አ. በ2018 የወጣው ዜድጂሲ የተባለው ጠራጊ ደግሞ ከተማው ሥራውን ሳያቋርጥ አብሮ የሚጠርግ ነው።

ሌላው ዋጋ ስፍራ ነው። እ.ኤ.አ. በ2005 ማቲው ኸርዝና ኤመሪ በርገር የተባሉ ሊቃውንት ይህን መዝነውት ነበር። ጠራጊው ከሚያስፈልገው አምስት እጥፍ ስፍራ ሲሰጠው በእጅ ከሚሠራው ጋራ በፍጥነት ይተካከላል፤ ሦስት እጥፍ ሲሰጠው በአማካይ ከመቶ 17፥ ሁለት እጥፍ ብቻ ሲሰጠው ከመቶ 70 ያህል ይዘገያል። ይህን ስሰማ ያረጁ ኮምፒዩተሮቻችን ትዝ አሉኝ። በመስኮት ቆመን «ሲስተም የለም» ብለን ባለጉዳይ የምንመልሰው ስንት ጊዜ ነው! ሁልጊዜ ምክንያቱ ይህ ነው አልልም፤ መብራትም መስመርም ይጠፋል። ነገር ግን ሲስተሙ ካለ በኋላ ጠባብ ስፍራ ተሰጥቶት ሲጨነቅ «የለም» የተባለበት ጊዜ እንደሚኖር አሁን አውቃለሁ። ሰፊ ማኅደረ ትውስታ መግዛት ቅንጦት የሚመስለው ኀላፊ ይህን ቁጥር ቢያስብ መልካም ነው።

ፊደላችንም ከዚህ ሒሳብ ውጭ አይደለም። የግዕዝ ፊደል ዩኒኮድ በተባለው የዓለም የፊደል ሰንጠረዥ የገባው እ.ኤ.አ. በ1999 ነው። እ.ኤ.አ. በ2017 ጃቫ ስፍራ ለመቆጠብ ሲል የላቲኑን ፊደል በአንድ ባይት እንዲያስቀምጥ ተደረገ፤ የእኛ ፊደል ግን በሁለት ባይት ቀረ። ይህ በተንኮል የተደረገ አይደለም፤ ሒሳቡ እንዲያ ስለሚመራ ነው። እ.ኤ.አ. በ2014 አዲስ የዘመን መቍጠሪያ ለጃቫ ሲሠራለትም የጃፓን፥ የታይላንድ፥ የታይዋንና የሂጅራ አቈጣጠር አብረው ገቡ፤ የኢትዮጵያው አልገባም፤ የሚፈልግ ከውጭ አምጥቶ ይጨምራል። መለኪያውን የሚሠራው ሰው የሚለካው የሚያውቀውን ነው። ስለዚህ ልጆቻችን ይህን ምርምር ቢማሩ፥ ቢለኩም፥ ነገሩ ለእኛ ከክብር በላይ ጥቅም አለው።

ማምሻውን ወደ ቤት ስንመለስ፥ ጅቦች ሌሊት የሚገቡበትን በግንቡ ሥር ያለውን ቀዳዳ አየን። ጅብ በሐረር የሌሊት ጠራጊ ነው፤ ደጅ የተጣለውን ይበላል፥ ቤት ውስጥ የተያዘውን አይነካም። «የእናንተም ጠራጊ እንዲህ ነዋ!» አልሁት። ልጁ ግን ዝም ብሎ ቆየና፥ «እንዲህ ነው፤ ጉድለቱም ይኸው ነው። የተያዘውንና ያልተያዘውን ያውቃል፤ የሚጠቅመውንና የማይጠቅመውን ግን አያውቅም። ሰው የማይረባውን ነገር አጥብቆ ከያዘ ጠራጊው ሊያስለቅቀው አይችልም፤ ስፍራውም ቀስ በቀስ ይሞላል» አለኝ።

ይህ ቃል ሌሊቱን አላስተኛኝም። አንድ ጊዜ መያዝ የሚገባኝን ጥዬ ነበር፤ ከዚያ ወዲያ ግን መልቀቅ የሚገባኝን ምስጢር ዐሥራ ሁለት ዓመት ይዤ ኖርሁ። በማግሥቱ ያደረግሁትን ጥፋት ጽፌ ለክፍሉ ኀላፊ ሰጠሁ፤ ከዚያም ጋራ አንድ ሐሳብ አቀረብሁ። ይኸውም፥ ቁጥሩ በማውጫው ላይ ያለ ዶሴ ማውጫው ሳይመረመርና ሁለት ሰዎች ሳይፈርሙ እንዳይወገድ የሚል ነው። ኀላፊው ተቈጥቶ አነበበ፥ ሐሳቡን ግን ተቀበለ። ዛሬ የምንሠራበት በዚሁ ነው።

ከዚያም እኒያን እናት ፈልጌ አገኘኋቸው። አርጅተዋል፤ ዓይናቸውም ደክሟል። ወረቀቱን የጣልሁት እኔ እንደ ሆንሁ ነገርኋቸውና ይቅርታ ለመንሁ። ብዙ ጊዜ ዝም አሉ። በኋላም በትሕትና እንድቀመጥ ጋበዙኝ፥ ቡናም አስፈሉልኝ። ልወጣ ስነሣ ግን እጄን ይዘው፥ «ልጄ፥ ቤቴስ ተመልሶልኛል፤ እግዜር ይስጣቸው ምስክሮቼን። ሁለት ዓመቴን ግን የትኛው መዝገብ ውስጥ ታገኝልኛለህ?» አሉኝ።

መልስ አልነበረኝም፤ ዛሬም የለኝም።