ሸክላ ሠሪዋ ማን ናት?

“ሸክላ ሠሪ በገል ትበላለች” ይባላል። ደህና ደህናውን ገበያ አውጥታ ለራሷ ስባሪውን ታስቀራለች ለማለት ነው። ማግደሊን ኦዱንዶ ግን በገል የሚበሉ ሸክላ ሠሪ አይደሉም። እ.ኤ.አ. በ1950 ናይሮቢ ተወልደው በ1971 ለትምህርት እንግሊዝ አገር የሄዱት እኚህ ሴት ሥራቸው ዛሬ በትልልቅ ሙዚየሞች ይገኛል። እ.ኤ.አ. በ2019 ዋክፊልድ ከተማ፣ ሄፕዎርዝ ሙዚየም ባሳዩት ዐውደ ርዕይ ከ50 በላይ ሥራዎቻቸው ቀርበው ነበር። እኔ ያየሁት በፎቶግራፍ ነው፤ ለኪነ ጥበብ ዘገባ ትምህርታችን የምጽፈው ነገር ስፈልግ።

ኦዱንዶ የሸክላ መሥሪያ መንኮራኩር አይጠቀሙም። ጭቃውን በእጃቸው እየጠቀለሉና እየደራረቡ ያቆሙታል፤ ከዚያ ላዩ እስኪያበራ ያሹታል። ዋናው ሙከራቸው እሳቱ ላይ ነው። ሸክላው አየር እንደ ልብ በሚያገኝ እሳት ሲተኮስ ይቀላል። ያንኑ ዕቃ የእንጨት ፍቅፋቂ ካለበት ዝግ ነገር ውስጥ ከተው፣ አየር አሳጥተው ሲደግሙት ደግሞ ይጠቁራል። አንዳንዱ ላይ ቀዩና ጥቁሩ ተቀላቅለው ይቀራሉ። አንገታቸው የረዘመ፣ ሆዳቸው የሰፋ፣ ቆመው የሚያዩን የሚመስሉ ናቸው። ውሃ ግን አይቀዳባቸውም።

ታዲያ ይሄን ሙያ እኔ አውቀዋለሁ! የእናቴ እናት ጀበናና እንስራ ሠሪ ነበሩ። እሳቸውም መንኮራኩር የሚባል አያውቁም። በወንዝ ጠጠር አሽተው፣ ደጅ ላይ በኩበት ተኩሰው፣ እሳቱ ሳይበርድ ጭድ ውስጥ ከተው ያጠቁሩት ነበር። ኦዱንዶ በሙያው ክብር አገኙበት፤ አያቴ ያተረፉት ስድብ ነው።

ኦዱንዶ እ.ኤ.አ. በ1974 ናይጄሪያ ሄደው በአቡጃ የሸክላ ማሠልጠኛ ከነላዲ ክዋሊ ጋር ሠርተዋል። የላዲ ክዋሊ ምስል ዛሬ በናይጄሪያ የ20 ናይራ ኖት ላይ አለ። ሸክላ ሠሪ በገንዘብ ላይ! በእኛም አገር አፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ባለ እጅ እንዳይሰደብ አዋጅ አስነግረው ነበር። ካዋጁ ወዲህ መቶ ዓመት አለፈ፤ “ቡዳ” የሚለው ቃል ግን አላለፈም።

ዘገባዬን ስለ አያቴ ላድርገው ብዬ እናቴን ሳማክራት ዝም አለች። ቆይታ፣ “የእህትሽ ሽማግሌዎች ከፋሲካ በኋላ ይመጣሉ” አለችኝ። ሌላ አልጨመረችም። ከሸክላ ሠሪ ዘር አንጋባም የሚል ዘመድ ዛሬም እንዳለ ሁለታችንም እናውቃለን።

ኦዱንዶ በዚያ ዐውደ ርዕይ ከራሳቸው ሥራ ጎን ከተለያየ አገርና ዘመን የመጡ ዕቃዎችንም አስቀምጠው ነበር። ከጥንቶቹ የብዙዎቹን ሠሪዎች ስም ጊዜ ወስዶታል። የአያቴን ስም ግን ጊዜ አልወሰደውም፤ እናውቀዋለን፣ አንጠራውም።

በክፍል ውስጥ የዜና የመጀመሪያው ጥያቄ “ማን?” ነው ተብለን ተምረናል። እኔ ይሄንን ጥያቄ ሳልመልስ ለማለፍ ወስኛለሁ፤ የእህቴ ትዳር የእኔ ብዕር መሞከሪያ አይደለምና። ከዚህ ጽሑፍ ግርጌም የእኔ ስም እንዳይወጣ አዘጋጆቹን የለመንኩት ለዚሁ ነው። እህቴ ከተዳረች በኋላ፣ እናቴ ከፈቀደች፣ ሁለቱንም ስሞች ይዤ እመለሳለሁ።