ለዓረፋ ስንወጣ ድመቷን ለማን?

የዓረፋ በዓል ሲቃረብ በየካ ክፍለ ከተማ የሚገኘው የላምበረት መናኸሪያ ገና ጎህ ሳይቀድ በመንገደኛ ይሞላል። የቦታው ስም የከብት ማደሪያን ቢያስታውስም ዛሬ ተሰልፎ የሚታየው አውቶቡስ ነው። ወደ ስልጤና ወደ ጉራጌ የሚጓዘው ወገናችን በሌላው የከተማዋ በር ሲወጣ፣ የወሎው መንገደኛ በእኛው በኩል ኮተቤንና ካራን አልፎ ወደ ደብረ ብርሃን ያቀናል። ሻንጣው፣ ለወላጅ የሚወሰደው ስጦታ፣ የልጆቹ አዲስ ልብስ፣ ሁሉም ተቆጥሮ ይጫናል። ውድ አንባቢያን! እቤት የሚቀሩትን እንስሳትስ ማን ቆጠራቸው?

ይህን የምንጠይቀው በራሳችን ስለ ደረሰ ነው። ቤታችን ከፈረንሳይ ለጋሲዮን በላይ፣ የእንጦጦ ዳገት ከሚጀምርበት ነው። በ2010 ዓ.ም. ዓረፋ የዋለው በነሐሴ አጋማሽ፣ ክረምቱ በበረታበት ወቅት ነበር። በዋዜማው ሌሊት ቤቱን ቆልፈን ወጣን። ደብረ ብርሃን ደርሰን ቁርስ ስንቀርብ ትንሿ ልጃችን “ድመቷስ?” አለች። ታላቅ ወንድሟ ደነገጠ፤ ሻንጣውን ከዕቃ ቤት ሲያወጣ ድመቷ ስትገባ አይቷት ነበር። ቤታችን 130 ኪሎ ሜትር ያህል ወደ ኋላ ቀርቷል፤ ቁልፉ ያለው በእኛው ኪስ ነው።

ያን ጊዜ ሁላችንም አንድ ሐዲስ ትዝ አለን። ቡኻሪና ሙስሊም እንደ ዘገቡት፣ ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ) በአንዲት ድመት ምክንያት ስለ ተቀጣች ሴት ነግረውናል። ሴትዮዋ ድመቷን እስክትሞት ዘጋችባት፤ አላበላቻትም፣ ከምድር ተንቀሳቃሾች ለቅማ እንድትበላም አልለቀቀቻትም። ልጆቻችን ይህን ታሪክ በመድረሳ ተምረውታል። አሁን ግን ዓይን ዓይናችንን ያዩ ጀመር።

ወደ ጎረቤታችን ስልክ ደወልን። እሳቸው ክርስቲያን እናት ናቸው፤ ሰፈሩ ሁሉ እማማ ይላቸዋል። ነገሩን ሰምተው “ልጄ፣ ይህማ ምን ያስጨንቃል! መስኮቱን ሰብሬ አወጣታለሁ፤ መስታወቱን ስትመጡ ታስገባላችሁ። በሉ ደኅና ግቡ” አሉን። ከግማሽ ሰዓት በኋላ ድመቷ እሳቸው ቤት ወተት እየጠጣች መሆኑን ነገሩን። አልሐምዱሊላህ!

ይሁን እንጂ በአምስተኛው ቀን ስንመለስ ከአምስት ዶሮዎቻችን የቀሩት ሦስት ብቻ ነበሩ። ማታ የዶሮ ቤቱን በር የሚዘጋ ሰው አላዘጋጀንም፤ ሽለምጥማጥ ገብቶባቸዋል። ጥፋቱ የእኛ ነበር።

የሰፈራችንን ሁኔታ የሚያውቅ በዚህ አይገረምም። ከ3,000 ሜትር በላይ ከፍታ ያለው እንጦጦ ቀን ሲታይ የባሕር ዛፍ ጫካ፣ ጭራሮ የተሸከሙ እናቶችና አህዮች የሚወርዱበት መንገድ ነው። በ2013 ዓ.ም. የእንጦጦ ፓርክ ከተከፈተ ወዲህ ቤተሰብ የሚዝናናበትም ሆኗል። ማታ ግን ብርዱ ይጸናል፤ ጅብም ወደ መንደሩ ይወርዳል። በአጭር ገመድ ታስሮ የተተወ ውሻ ወይም በረቱ ያልተዘጋ በግ በዚያ ሌሊት ማምለጫ የለውም።

በአውሮፓና በአሜሪካ ተጓዦች እንስሶቻቸውን በክፍያ የሚያስጠብቁባቸው ማደሪያዎች አሉ። የእኛ ማደሪያ ጎረቤት ነው። ጎረቤትን ግን በስልክ ማስደንገጥ ሳይሆን አስቀድሞ ማማከር ይገባል። እኛ ከዚያ ወዲህ ጉዞው ሦስት ቀን ሲቀረው እማማን ወደ ቤታችን እንጠራለን። የዶሮዎቹን እህል በየቀኑ ድርሻ ከፍለን እናስረክባለን። ውሃው የት እንደሚቀመጥ፣ በሩ ስንት ሰዓት እንደሚዘጋ እናሳያለን። ትርፍ ቁልፍና የእንስሳት ሐኪም ስልክ ቁጥርም እንተዋለን። ለጥበቃ የያዝነው ውሻም የእብድ ውሻ በሽታ ክትባቱን በየዓመቱ ይወስዳል፤ ይህ በሽታ ምልክቱ አንዴ ከታየ መዳኛ የለውም ማለት ይቻላል። ስለዚህ ያልተከተበ ውሻ ለጎረቤት አደራ መስጠት ጎረቤትን ለአደጋ ማጋለጥ ነው። በመጨረሻም በር ከመቆለፋችን በፊት እንስሶቹን አንድ በአንድ እንቆጥራለን። ቆጠራው የትንሿ ልጃችን ሥራ ነው።

አደራ ደግሞ ብድር አለው። ለገና እማማ ወደ ትውልድ አገራቸው ሲሄዱ፣ ጠዋትና ማታ ግቢያቸው ገብተን ውሻቸውንና በጎቻቸውን የምናበላው እኛ ነን። ልጆቻችን በተራ ይሄዳሉ፤ ተራው ያልደረሰው ያኮርፋል።

ወላጆችን ለመዘየር መጓዝ መልካም ሥራ ነው። ከኋላችን የተራበ ወይም የተጠማ ፍጡር ትተን ከሄድን ግን መልካሙን ሥራችንን በገዛ እጃችን እናጎድላለን። በመጪው ዓረፋ፣ ኢንሻአላህ፣ ሻንጣችሁን ከመጫናችሁ በፊት የጎረቤታችሁን በር አንኳኩ።