መቼ አይቼው ልቅጣው?

በማታው ክፍላችን አንድ ልጅ ነበረ። ዕድሜው ወደ አሥር ዓመት ይሆናል። ፊደል የሚማረው እሱ አይደለም፤ እናቱ ናቸው። እሱ ግን በየማታው እናቱ ካሉበት ይመጣል። መጥቶም አርፎ አይቀመጥም። ከሌሎች ልጆች ጋር ይደባደባል፤ ጠመኔ ይሰብራል። አንድ ማታ የሌላ ተማሪ ደብተር ቀዶ ጣለ። ባለ ደብተሯ እናት ከ«ሀ» እስከ «ሆ» ለመጻፍ አንድ ሳምንት ሙሉ የደከሙበት ነው።

እኛ አስተማሪዎቹ ሦስት የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ነን። ቁጣችን ቶሎ መጣ። «ይኼ ልጅ ባለጌ ነው» አልን። ከክፍሉ አስወጣነው፤ ሁለተኛ እንዳይመጣም ከለከልነው። ትምህርቱ ሲያበቃ እናቱን ጠርተን፣ «ልጅዎን ይቅጡልን እንጂ!» አልናቸው።

እኒህ ሴት በዕድሜ እናቶቻችን ናቸው። እንዲያም ሆኖ «የኔታ» ይሉናል፤ እኛም እናፍራለን። ያን ማታ መሬት መሬት እያዩ፣ «የኔታ፣ መቼ አይቼው ልቅጣው?» አሉን። «ሳይነጋ እንጨት ለቀማ ስወጣ ተኝቷል። እንጨቱን ሸጬ፣ የሰው ቤት እንጀራ ጋግሬ ስጨርስ መሽቷል። ከዚያ በቀጥታ ወደናንተ እመጣለሁ። ከዚህ ስንመለስ እንቅልፍ ይጥለዋል። የት ላግኘው?»

መልስ አልነበረንም።

ስለዚህ ነገር እኮ ዩኒቨርሲቲ አንብበናል። ፈተናም አልፈንበታል። ልጁ ፊታችን ሲቆም ግን ትዝ አላለንም። ያነበብነው እንዲህ ነው።

አሜሪካ ውስጥ ሰሜን ካሮላይና የሚባል ክፍለ ሀገር አለ። በተራራማው ወገን ቼሮኪ የሚባሉ ሕዝቦች ይኖራሉ። ነጮች ከመምጣታቸው በፊት ጀምሮ የአገሩ ሰዎች ናቸው። ብዙዎቹ ድሆች ነበሩ። እ.ኤ.አ. በ1993 ዓ.ም. ጄን ኮስቴሎ የተባሉ ተመራማሪና ባልደረቦቻቸው ከዚያ አካባቢ 1,420 ልጆችን መርጠው መከታተል ጀመሩ። የቼሮኪም የሌሎችም ልጆች ነበሩባቸው። ዕድሜያቸው ያኔ ከ9 እስከ 13 ዓመት ነበር። ይሰጋሉ ወይ? ያዝናሉ ወይ? ይደባደባሉ ወይ? እያሉ ልጆቹንም ወላጆቻቸውንም ጠየቁ። የአእምሮ ጤና መታወክ ምልክት በድሆቹ ልጆች ላይ በዝቶ ተገኘ።

በጥናቱ መካከል ያልታሰበ ነገር መጣ። ቼሮኪዎች በመሬታቸው ላይ የቁማር ቤት ከፈቱ። (ቁማር መልካም ነው ማለታችን አይደለም።) ከትርፉም ለእያንዳንዱ የቼሮኪ ተወላጅ ድርሻ ይሰጠው ጀመር። ሠራህ አልሠራህ የሚል የለም። በዚህ ገንዘብ አንዳንዱ ቤተሰብ ከድህነት ወጣ፤ ብዙው ግን አልወጣም።

ታዲያ የወጡት ቤተሰቦች ልጆች ምን ሆኑ? ጠበኝነታቸውና እምቢተኝነታቸው ቀነሰ። ድህነት ካልነካቸው ልጆች ጋር እኩል ሆኑ። ድሃ ሆነው የቀሩት ልጆች ግን እንደነበሩ ቀሩ። ይህ ጥናት እ.ኤ.አ. በ2003 ዓ.ም. ታትሟል። ምክንያቱ ሲፈተሽ አንድ ነገር ጎልቶ ወጣ። ወላጆች ልጃቸውን የሚያዩበት ጊዜ አግኝተዋል። የት ዋለ? ከማን ጋር ዋለ? ማለት ችለዋል። እኒህ እናት በአንድ ቃል የነገሩን ይህንኑ ነው።

ገንዘቡ ሁሉን አላዳነም። የልጆቹ ሐዘንና ስጋት በዚያ ጊዜ አልቀነሰም። ደግሞም የድሃ ልጅ ሁሉ ይታወካል ማለት አይደለም፤ የሀብታም ልጅም ይጨነቃል።

እኛን ያሳፈረን ግን ሌላ ነው። ያን ሌሊት ቁጭ ብለን ሰዓቱን አሰላነው። እናቲቱ ከሥራ በኋላ ልጃቸውን የሚያዩባት አንዲት ሰዓት ብቻ ነበረች። እሷን የወሰድናት እኛ ነን። ልጁ የሚመጣው ሊረብሸን አልነበረም፤ እናቱ ያሉት እኛ ዘንድ ስለሆነ ነው። እኛ ደግሞ ከበር መለስነው።

በማግስቱ ቤቱ ድረስ ሄደን ጠራነው። በሳምንት አምስት ማታ የነበረውን ትምህርትም ሦስት ማታ አደረግነው። «በአንድ ልጅ ምክንያት ለምን ወደኋላ እንቀራለን?» ብለው ያጉረመረሙ ተማሪዎች አሉ። እውነት አላቸው።

አሁን ልጁ ከእናቱ አጠገብ ይቀመጣል። ኩራዙን የሚይዝላቸው እሱ ነው። ጠባዩ ግን ገና ነው፤ ባለፈው ሳምንት እንኳ አንዱን ልጅ ነክሷል። እናቱ አዩት። እጁን ይዘው አጠገባቸው አስቀመጡትና መጻፋቸውን ቀጠሉ።