ከጉባኤው በኋላ ሮማን ልናይ ነበር

ኮድቡር ውስጥ «ጣሊያን» ሲባል ሁላችንም ጋ ቶሎ የሚመጣው ታህሪብ ነው። ሱዳን፣ ሊቢያ፣ ከዚያ ባሕሩ። ኦክቶበር 3 ቀን 2013 ላምፔዱሳ ደሴት አጠገብ በሰጠመችው ጀልባ ከ360 በላይ ሰው አልቋል፤ ወሬው እዚህ ያልገባበት ቤት አልነበረም። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዘመኖች በሙሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

እኛ ሁለት መምህራን ግን ጣሊያንን በሌላ በር ልናያት ነበር። ሮማ ላይ በሚደረግ የሦስት ቀን የመምህራን ስብሰባ እንድንገኝ የጥሪ ደብዳቤ ደረሰን። ትኬቱንና አልጋውን ጋባዦቹ ይችላሉ። ከእኛ የሚጠበቀው፣ የተለያየ ዕድሜ ያላቸውን ልጆች መጽሐፍ በሌለበት አንድ ክፍል ውስጥ እንዴት እንደምናስተምር ሃያ ደቂቃ መናገር ብቻ ነው። እውነቱን እንናገርና ደብዳቤው በደረሰ ማግስት የጀመርነው ንግግሩን ማዘጋጀት አልነበረም። ስብሰባው ሲያልቅ ምን ምን እንደምናይ ደብተር ላይ መጻፍ ጀመርን።

አንደኛ የጻፍነው ባዶ ቦታ ነው። ማሠልጠኛ ተቋም ሳለን የታሪክ መምህራችን የአክሱም ሐውልት ሮማ እንደሚገኝ ሲያስተምሩን፣ እውነትም ያኔ እዚያው ነበር። 24 ሜትር የሚረዝመውን፣ ከ150 ቶን በላይ የሚመዝነውን ድንጋይ ፋሺስቶች በ1937 ወስደው ለቅኝ ግዛት ጉዳይ ሚኒስቴር በታሰበው ሕንፃ ፊት ተከሉት። ከጦርነቱ በኋላ ሕንፃው የዓለም የምግብና እርሻ ድርጅት ዋና መሥሪያ ቤት ሆነ። እስቲ አስቡት፤ የኢትዮጵያ ልዑካን ለእርሻ ስብሰባ ሮማ ሄደው ከአዳራሹ ሲወጡ የገዛ አገራቸው ሐውልት በር ላይ ቆሞ ይጠብቃቸዋል! ለጉብኝት ሩቅ መሄድ አላስፈለጋቸውም። በ1947ቱ የሰላም ውል ጣሊያን የዘረፈችውን በ18 ወር ውስጥ ልትመልስ ፈርማ ነበር። ሐውልቱ በሦስት ተከፍሎ በአውሮፕላን አክሱም የደረሰው ግን በ2005 ነው። በ2008 ተመልሶ ተተከለ።

አበበ ቢቂላ በ1960 በባዶ እግሩ ሲሮጥም በዚያው ነው ያለፈው። ከሐውልቱ አጠገብ አፈትልኮ ወጣ፤ ማብቂያው የቆስጠንጢኖስ ቅስት ነበር፤ 2 ሰዓት ከ15 ደቂቃ ከ16 ሴኮንድ። ከቦታው እስከ ቅስቱ አንድ ኪሎ ሜትር አይሞላም። እሷን በእግር ልንሄዳት ነበር። (ጓደኛዬ ጫማ አወልቃለሁ ብሎ ነበር። እንዳይዋረድ ብለን ከደብተሩ ሰረዝነው።)

ሁለተኛው የቅዱስ ጴጥሮስ ቤተ ክርስቲያን የነሐስ በር ነው። ፊላሬቴ የተባለ ሠሪ በ1445 የጨረሰው ሲሆን፣ ለጉባኤ ሄደው ሮማን የጎበኙ የእኛ ሰዎች ተቀርጸውበታል። ከኢየሩሳሌም አባ ኒቆዲሞስ የላኳቸው መነኮሳት ናቸው። በ1441 ፍሎረንስ በተደረገው ታላቅ ጉባኤ በሊቀ ጳጳሱ በአውጄንዮስ 4ኛ ፊት ቀረቡ። ንጉሡ ዘርዐ ያዕቆብ ስላልላካቸው በአገራቸው ስም ውል መግባት አይችሉም። የጣሊያን ሊቃውንት ደግሞ ስለ አገራቸውና ስለ ዓባይ በጥያቄ አጣደፏቸው፤ ሁሉም በአስተርጓሚ። እዚህ ቢሮ ሄዶ ጉዳዩን ከአማርኛ ወደ ሶማልኛ፣ ከሶማልኛ ወደ እንግሊዝኛ ያስተረጎመ ሰው ድካማቸው ይገባዋል። ከዚያ በኦክቶበር ወር ሮማን አዩ።

ሦስተኛው የአባ ተስፋ ጽዮን ነገር ነው። የደብረ ሊባኖስ መነኩሴ ነበሩ፤ ከኢማም አሕመድ ጦርነት ሸሽተው ሮማ ገቡ። (እዚህ ሐርጌሳ አሕመድ ጉሬይ ጀግና ነው፤ የእኛ ልጆች ግራኝ ብለው ያደጉበት ያው ሰው። ክፍል ውስጥ ይህን ስናስተምር ድምፃችንን ቀስ እናደርጋለን።) አባ ተስፋ ጽዮን በ1548 እና 1549 የግእዝ አዲስ ኪዳን አሳተሙ። ፊደል ለቃሚዎቹ ግእዝ አያውቁም፤ እሳቸውና ጓደኞቻቸው ማተም አያውቁም። ለስህተቱ አንባቢን ይቅርታ ጠይቀዋል። እኛም ይህችን መጽሔት ባዘጋጀን ቁጥር እሳቸው ትዝ ይሉናል።

ወረቀቱ አልመጣም። ከአንዱ መስኮት ወደ ሌላው ስንባል፣ «ነገ» ስንባል ስብሰባው ተጀምሮ አለቀ። ጋባዦቹ በሚቀጥለው ጊዜ ብለው ጻፉልን።

ደብተሩን ግን ለልጆቹ አስተማርንበት። ሰሌዳው ላይ ጣሊያንን በጠመኔ ሳልን፤ ፍሎረንስን እዚህ፣ ሮማን እዚያ። የፍሎረንሱን ስንተርክ አንዲት የአምስተኛ ክፍል ልጅ እጇን አወጣች።

«ቲቸር፣ ቪዛ ማን ሰጣቸው?»

«ያን ጊዜ ቪዛ የለም። የአባ ኒቆዲሞስን ደብዳቤ ይዘው ነው የሄዱት።»

«ደብዳቤ ብቻ?»

«ደብዳቤ ብቻ።»

ክፍሉ ሳቀ። ከኋላ የሚቀመጠው የአሥራ ሰባት ዓመት ልጅ ግን አልሳቀም። እናቱ ሁለት ጊዜ መጥተው አልቅሰውብናል። ደላላ ማነጋገሩን ሰፈሩ ሁሉ ያውቃል። እኛም ባሕሩን ነግረነዋል፤ ሊቢያ ውስጥ የሚታሰሩትንና ቤዛ የሚጠየቅባቸውንም ነግረነዋል። «አውቃለሁ፣ ቲቸር» ይላል። በእርግጥም ያውቃል። የሚጨመር ነገር አልነበረንም።

የዚያን ቀን ከክፍል በኋላ ቀርቶ ደብተሩን አውሱኝ አለን። ሰጠነው። ሐሙስ ወስዶ ቅዳሜ አልመጣም፤ እሑድም አልመጣም። እናቱ ቤት ሄደን ስናንኳኳ ልባችን ይመታ ነበር። በሩን የከፈተው እሱ ራሱ ነው፤ ጉንፋን ይዞት ተኝቶ ኖሯል። ከፍሎረንስ እስከ ሮማ በቀን ስንት ሰዓት ቢሄዱ በስንት ቀን እንደሚደርሱ በደብተሩ ጠርዝ ላይ በእርሳስ አስልቷል። ማባዛቱ ላይ ስህተት ነበረበት። በሩ ላይ ቆመን አረምንለት፤ ሰኞ ትምህርት ቤት መጣ።

ለሮማው ስብሰባ ያዘጋጀነውን የሃያ ደቂቃ ንግግር በሚቀጥለው እትም እናወጣዋለን። አስተያየት ያላችሁ ወላጆች ከሰዓት በኋላ ትምህርት ቤቱ ድረስ ብትመጡ ታገኙናላችሁ።