ከበሰበሰ ደበርጃን የተገኘው ፋጅ

ባክቴሪያን የሚያጠቃ ቫይረስ፣ ማለትም ፋጅ፣ ከአፈር ማግኘት ብዙ ሰው እንደሚያስበው ከባድ አይደለም። አፈሩን በፈሳሽ በጥብጦ ማናወጥ፣ ባክቴሪያ በማያሳልፍ ማጣሪያ ማጥለል፣ ያለፈውን ፈሳሽ ከባክቴሪያ ጋር ቀላቅሎ ሳህን ላይ ማፍሰስ ነው። ከአንድ ሁለት ቀን በኋላ ሳህኑን ወደ መብራት ከፍ አድርጋችሁ እዩት። ባክቴሪያው እንደ ስስ ጭጋግ ሸፍኖታል፤ መሃል መሃሉን ግን ክብ ክብ ቀዳዳዎች አሉ። እዚያ ጋ ባክቴሪያው አልቋል።

ቀዳዳው ጥርት ያለ ነው ወይስ የደፈረሰ? ይኼ ጥያቄ ቀላል አይደለም። ከደፈረሰ ከሞት የተረፈ ባክቴሪያ አለ ማለት ነው። እንዲህ ያለው ፋጅ ብዙውን ጊዜ ከመግደል ይልቅ ዘረመሉን ባክቴሪያው ውስጥ ቀብሮ ማድፈጥም ይችላል።

ከዚያ በኋላ ያለው ሥራ ትዕግሥት ይፈልጋል። አንድ ዓይነት ፋጅ ብቻ እስኪቀር ደጋግሞ ማሳደግ፣ በኤሌክትሮን ማይክሮስኮፕ ጭንቅላቱንና ጅራቱን ማየት፣ ዘረመሉን ፊደል በፊደል አንብቦ የትኛው ጂን ምን እንደሚሠራ መለየት። አሜሪካ ውስጥ ሲ-ፌጅስ የተባለው ፕሮግራም ከ2008 ጀምሮ ይኼን ሥራ ለጀማሪ የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ሰጥቷል። ፋጁን ያገኘው ተማሪ ስም ያወጣለታል፤ ብዙ ናሙና ፒትስበርግ ዩኒቨርሲቲ፣ የግራሃም ሃትፉል ላቦራቶሪ ፍሪዘር ውስጥ ይቀመጣል። ለዓመታት እዚያ የተከማቸውን አይቶ «ለምን ይጠቅማል?» የሚል ሰው ቢኖር አልፈርድበትም ነበር።

2018 ላይ ለንደን፣ ግሬት ኦርመንድ ስትሪት ሆስፒታል ስትታከም የነበረች የ15 ዓመት ልጅ ሁለቱም ሳንባዎቿ ከተቀየሩላት በኋላ የቲቢ ዘመድ በሆነ፣ አንቲባዮቲክ ባልበገረው ባክቴሪያ ተይዛ ነበር። ባክቴሪያው ቆዳዋና ጉበቷ ድረስ ተሰራጭቷል። የሃትፉል ቡድን ሦስት ፋጆች መረጠላት፤ ሙዲ፣ ዞይጄ እና ቢፒስ። ሙዲን ያገኘችው 2010 ላይ ደቡብ አፍሪካ፣ ደርባን ውስጥ አንዲት ተማሪ ነበረች። ያገኘችውም ከበሰበሰ ደበርጃን ነው!

ሙዲ እንዳለ ይገድላል። ሁለቱ ግን ከሚያደፍጡት ወገን ነበሩ፤ ስለዚህ ለማድፈጥ የሚያስችላቸው ጂን ተቆርጦ ወጣ። እኔን የሚደንቀኝ ይኼ ነው። ጂኑ የት እንዳለ ቀድሞ ያነበበ ሰው ባይኖር ኖሮ ምኑን ይቆርጡት ነበር? ልጅቷን የጠቀማት ፋጆቹ መገኘታቸው ብቻ ሳይሆን፣ ማንም ሳይጠይቅ በፊት በሚገባ መጠናታቸው ጭምር ነው።

ድብልቁ በቀን ሁለት ጊዜ በደም ሥሯ ይሰጣት ጀመር። የቀዶ ሕክምና ቁስሏ ገጠመ፤ ጉበቷም ተሻለው። ፈጽማ ከበሽታው ነጻ አልሆነችም፤ ግን ቤቷ ገብታ መኖር ቻለች። በዚያው ጊዜ ፋጅ የተፈለገለት ሌላ ታማሚም ነበር። ለእሱ ባክቴሪያ የሚሆን ፋጅ ግን ከዚያ ሁሉ ክምችት ውስጥ በጊዜ አልተገኘም።