ስለ አንዲት የግንብ ቃል

በወላይታ ሶዶ ተቀምጬ ስለ አክሱም ግንብ መጻፌ ለአንዳንዱ ሰው የሩቅ ነገር መስሎ ይታየው ይሆናል። ነገር ግን ለንጉሥ ሞተለሚ ወንጌልን እንደ ሰበኩ የሚነገርላቸው አባታችን ተክለ ሃይማኖት፥ ከደብረ ዳሞ ሲወርዱ ገመዱ ተቆርጦ ስድስት ክንፍ ተሰጥቷቸዋልና፥ የዚያ አገር ሕንፃ ለእኛም ባዕድ አይደለም።

በ1906 ዓመት እንደ አውሮፓ አቆጣጠር፥ በኤኖ ሊትማን መሪነት የመጡ ጀርመኖች የአክሱምን ሐውልትና ሕንፃ ለክተውና ሥለው፥ በ1913 በበርሊን በአራት ክፍል አሳተሙት። ሐውልቶቹን በቃል የገለጸው ዳንኤል ክሬንከር የሚባል የሕንፃ ዐዋቂ ነው። ስለ አክሱም የተጻፈውንም ሮዛሊንድ ቤድሎው ወደ እንግሊዝኛ መልሰውት፥ በዴቪድ ፊሊፕሰን አዘጋጅነት በ1997 ታተመ። እኔም ለሰንበት ትምህርት ቤታችን ጥቂቱን ወደ አማርኛ ለመመለስ ተነሣሁ።

የተሰናከልሁት በአንዲት ቃል ነው። እንግሊዝኛው «የጦጣ ራስ» ይላልና፥ ሳልመረምር «በሐውልቱ ላይ የጦጣ ራሶች ተቀርጸዋል» ብዬ ጽፌ በጉባኤ አነበብሁ። አንድ አረጋዊ ቄስ ፊታቸውን አጨፍግገው «ልጄ፥ በጽዮን አገር ጦጣ የቀረጸ ማን ነው?» አሉኝ። ጉባኤው ሳቀ፤ እኔም የምመልሰው አጥቼ አፈርሁ።

ቤቴ ገብቼ ጀርመንኛውን ባይ፥ እርሱም አፈንኮፕፍ ይላል፤ ያው የጦጣ ራስ ነው። በትግርኛም ርእሲ ህበይ ይባላል። ነገሩ እንዲህ ነው፤ የጥንት ግንበኞች በድንጋዩ መካከል ረጅም እንጨት ያጋድማሉ። ያም እንዳይናወጥ በግንቡ ውፍረት አጭር እንጨት አሳልፈው ይቆልፉታል። የአጭሩ እንጨት ጫፍ ክብ ሆኖ ከግንቡ ወጣ ብሎ ይታያል፤ ጦጣ የተባለው ይኸው ጫፍ ነው። በደብረ ዳሞ እንጨቱ ራሱ አለ፤ በአክሱም ግን ጠራቢው በድንጋይ አስመስሎታል። 33 ሜትር ያህል የሚረዝመው የወደቀው ሐውልት፥ መስኮቱም የእንጨቱም ጫፍ ሳይቀር ባለ 13 ደርብ ቤት ሆኖ ከአንድ ድንጋይ የተጠረበ ነው።

(ሌላም ቃል አስቸግሮኝ ነበር። ጀርመኖች የቤተ ክርስቲያንን መካከለኛ ክፍል ሺፍ፥ ማለት መርከብ ይሉታል። ቅኔ ማሕሌት ልበለው ብዬ ተውሁት፤ ቅኔ ማሕሌት የማኅሌታዮች መቆሚያ እንጂ የግንብ ስም ብቻ አይደለምና።)

እንግዲህ ጦጣዋን ሰርዤ «የማገር ቁልፍ» ብዬ ጻፍሁ። ቤቱን በእንጨትና በቀርከሃ ለሚሠራ ለወላይታ ሰው ማገር የታወቀ ነው። ቃሉ ግልጽ ሆነ፤ ነገር ግን ደግሜ ሳነበው ቀዘቀዘብኝ። ያ ስሙን ያወጣ ሰው፥ ጦጣ ከግንብ ውስጥ አንገቷን አውጥታ ስታየው መስሎት የሳቀው ሳቅ ጠፋ። ሌሊቱን ስሰርዝና ስጽፍ አደርሁ።

በማግሥቱ እሑድ «የጦጣ ራስ የተባለው የማገር ቁልፍ» ብዬ ሁለቱንም አነበብሁ፤ ሁለት ዘንግም አጋድሜ አሳየሁ። አረጋዊው ቄስ ቀረብ ብለው የአጭሩን ዘንግ ጫፍ በጣታቸው ነኩና «አሁን አየኋት» አሉ።