የቤል አይል የዓሣ ቤት

አንባቢ ሆይ፤ ወደ ዲትሮይት የሄድህ እንደ ሆነ፣ አሜሪካንና ካናዳን በሚለየው ወንዝ መካከል ወዳለችው የቤል አይል ደሴት ድልድዩን ተሻገር። በዚያ አልበርት ካን የነደፈው፣ እ.ኤ.አ. በ1904 የተከፈተ ትንሽ የዓሣ ማሳያ ቤት ታገኛለህ። ገብተህ ቀና በል፤ ጣራው እንደ በርሜል የጎበጠ፣ በአረንጓዴ መስተዋት የተለበጠ ስለ ሆነ በውኃ ውስጥ የምትሄድ ይመስልሃል።

ይህን ቤት ከተማው ገንዘብ ቢያጥረው በ2005 ዘጋው። በጀት ሲቀነስ መቀሱ አስቀድሞ በምን ላይ እንደሚያርፍ የመሥሪያ ቤት ሰው መቼም አይጠፋውም! ሰባት ዓመት ጨለማ ሆኖ ቆየ። በኋላ ግን ንብረትነቱ የከተማው እንደ ሆነ ሳለ፣ ሥራውን የደሴቲቱ ወዳጆች ማኅበር ተረከበና በመስከረም 2012 በፈቃደኞች ጉልበት ተከፈተ። በ2014 ደሴቲቱን የሚሺጋን ግዛት መንግሥት በኪራይ ውል ሲረከብም፣ ዓሦቹን የሚያስተዳድረው ያው ማኅበር ነው። ለመግቢያ አትከፍልም፤ የወደድኸውን ብትሰጥ ግን ይቀበሉሃል።